«ማሞቂያውን ክፈት»

አሮጌ መኪና ያለው ሰው መካሪ አያጣም። ዲኤክሴ ሙቀት ማንሳት ከጀመረች ወዲህ መካኒክ ያልሆነ ዘመድ እንደሌለኝ ገባኝ። ጎረቤቴ «ፋኑ ነው» አለ። ባልደረባዬ «ራዲያተሩ ተደፍኗል»። አንዱ ጋራዥ የውሃ ፓምፕ ቀየረልኝ፤ ሌላው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። «ይሄ በረዶ ለሚወርድበት አገር የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ ምን ሊያደርግ?» ብሎ ትርፍ አንጀት ቆርጦ እንደወጣ ሐኪም እጁን ጠረገ። ሦስተኛው ኮፈኑን ሳይከፍት «ቴስታታው ይውረድ» ሲል ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ አክስቴን ይዤ ለሰርግ ወደ ደብረ ማርቆስ የተነሳሁት። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ አባይ ስንወርድ ጌጁ ንቅንቅ አላለም። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንያያዘው ግን ቀስቱ ወደ ቀዩ መሳብ ጀመረ። የማውቃት አንዲት መድኃኒት አለች፦ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ ጥጉ መክፈት። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በማሞቂያው በኩል ስለሚያልፍ፣ ከሞተሩ የተነሳው ሙቀት ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። መጣም።

አክስቴ ነጠላዋን ገፋ አደረገች። ጋቢዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ እጇን ወደ ንፋሱ ዘርግታ ለካችው።

«አንተ ልጅ፣ በአባይ በረሃ እሳት ታነዳለህ?»

«እትዬ፣ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ እኮ ነው።»

«እኛን ቀቅለህ?»

ደጀን ልንገባ ስንል ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። ዳር ይዤ ወረድኩና የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ልፈታ ስል፣ ቱታ የለበሰ ልጅ ከማዶ ካለው ጋራዥ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ፊትዎን አይፈልጉትም?»

እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀኝ። እስከዚያው ጥያቄውን ያወርደዋል። ሙቀት የምታነሳው መብራት ላይ ስትቆም ነው ዳገት ላይ? ነጭ ጭስ አላት? ከዘይት ክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ አይተዋል? ያን ሁሉ ብር ስከፍል ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ዘይቱን አየው፤ ንጹህ። ቴስታታውን ለጊዜው ተወው። ከዚያ የበረደውን ክዳን ፈትቶ ጎማውን በጥፍሩ ጫር አደረገው። እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ።

«ይኸውልዎ በሽተኛው።»

ነገሩ ለደገኛ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ የደጀንም ከፍታ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን እንኳ የሚሠራው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መሃላቸው ስንዝር አይሞላም። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ሲይዘው ግፊቱ ይጨምርና መቶን አልፎም አይፈላም። ጎማው ከሞተ ግን እሳት እንደበዛበት ጀበና እየገነፈለ ያልቃል። እኔ ፓምፕ የሚያህል ነገር የቀየርኩት ለዚህች ለመዳፍ ለማትሞላ ክዳን ኖሯል! ልጁ ጎማዎቿ ወልቀው ጋራዡ ግቢ ውስጥ ከቆመች ዲኤክስ ላይ አንድ ክዳን ነቅሎ ገጠመልኝ፤ ውሃውን ሞላ፤ ሄድን።

መሸ። የጎጃም ብርድ በበሩ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ጌጁ እንኳን ቀዩን፣ መሃሉንም ረስቶታል። አክስቴ ጋቢዋን ተከናንባ ጥቂት ዝም አለችና በለሆሳስ፣ «እስቲ ያንን ማሞቂያህን ክፈተው» አለች።

እስከ ጥጉ ከፈትኩት። ቀዝቃዛ ንፋስ ፊቷ ላይ ተለቀቀባት። ቴርሞስታቱ የወጣለት ሞተር ለጥ ባለ መንገድ ላይ፣ በብርድ፣ ከየት አምጥቶ ይሙቅ?

«የቅድሙን ነው እኮ ያልኩህ» አለች አክስቴ።