እንግዳ ተናጋሪን በሰላም ስለ መሸኘት

እንኳን ደስ አለዎት። የሮታሪ ክበብዎ የፕሮግራም ኃላፊ ሆነው ተመርጠዋል። የተመረጡት በቀሩበት ሳምንት መሆኑ ቅር አያሰኝዎት። የሰፈር ኮሚቴም ጸሐፊውን የሚመርጠው እንዲሁ ነው፤ ያልመጣ ሰው እምቢ አይልም።

ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ እንግዳ ተናጋሪ ማምጣት የእርስዎ ሥራ ነው። አይደንግጡ። ቀስ ብለን አንድ በአንድ እናየዋለን።

በቅድሚያ ታሪኩን ይወቁ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ተሰበሰበ። አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር። የተገናኙት በመሐንዲሱ ቢሮ ነው፤ ከዚያም በየተራ በየቢሮአቸው ይሰበሰቡ ጀመር። ብዙም ሳይቆዩ፣ በ1907፣ የመጀመሪያ የሕዝብ አገልግሎት ሥራቸውን ያዙ፦ ለቺካጎ ከተማ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማሠራት። ይህችን መጸዳጃ ቤት በቃልዎ ይያዟት። ኋላ ታስፈልግዎታለች።

አሁን እንግዳ ይምረጡ። ጥሩ እንግዳ ምንም የማይፈልግ ሰው ነው። ጡረታ የወጡ አምባሳደር ጥሩ ናቸው። የባንክ ሥራ አስኪያጅም ጥሩ ነው፤ ስለ ቁጠባ ይናገራል፣ ሲመጣም አጀንዳና ካላንደር ይዞ ይመጣል። የልብ ሐኪም ይጋብዙ፤ ስለ ቅባት አደገኛነት ሲያስረዳ አባላት ከቡፌው ሁለተኛ ዙር ያነሣሉ፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አነቃቂ ተናጋሪ ነው። ሲያነቃቃ ይውላል፣ አንድም ሰው ከወንበሩ አያስነሣም።

መጥፎ እንግዳ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ለምሳሌ በከተማው ዳርቻ ያለ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናቸው እንበል። ትምህርት ቤታቸው የሴቶች መጸዳጃ ቤት የለውም። ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች በየወሩ አራት አምስት ቀን ከትምህርት ይቀራሉ፤ ቀርተው የማይመለሱም አሉ። ርእሰ መምህርቷ አራት ክፍል መጸዳጃ ቤት እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ። እኒህን ሴት መጋበዝ አለብኝ ካሉ ይጋብዙ። ክፉ መሆን አያስፈልግም። ቀኑን ብቻ አስበው ይምረጡ።

የሮታሪ ዓመት ሰኔ 23 ያልቃል፤ ሰኔ 24 አዲስ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ይረከባል። ስለዚህ ርእሰ መምህርቷን በሰኔ አጋማሽ ይጥሯቸው። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ጉዳዩን ለተተኪያቸው በአደራ እንደሚያስተላልፉ ይናገራሉ። ያስተላልፋሉም። ተተኪው ደግሞ የራሳቸው ዕቅድ አላቸው፤ ችግኝ ነው። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ።

ወደ ሰዓቱ እንለፍ። ስብሰባው ከቀኑ 6፡30 ተጀምሮ 7፡30 ያበቃል ተብሎ ይጻፋል። ርእሰ መምህርቷን ለ6፡00 ይቅጠሯቸው። በሁለት ታክሲ ተሳፍረው በሰዓቱ ይደርሳሉ። አባላቱ የራሳቸው መኪና ስላላቸው ትራፊክ ይይዛቸዋል። ደወሉን 6፡50 ላይ ያስመቱ።

መዝሙሩ ይዘመር። ቀጥሎ ሁሉም ቆሞ የሮታሪን አራት ጥያቄዎች በአንድ ድምፅ ይበል። ጥያቄዎቹን እ.ኤ.አ. በ1932 የጻፋቸው ኸርበርት ቴይለር የሚባል ነጋዴ ነው፤ ሊከስር የደረሰ ድርጅት ተረክቦ ሠራተኞቹ ከመናገራቸውና ከማድረጋቸው በፊት ራሳቸውን እንዲጠይቁ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ስለ እውነት ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ የሚባሉት ከሒሳብ ሹሙ ሪፖርት በፊት ይሁን። ከሪፖርቱ በኋላ ከሆነ ሰው ማሰብ ይጀምራል።

ከሌላ ክበብ የመጡ ጎብኚዎች ይተዋወቁ። ትንንሾቹን የክበብ ባንዲራዎች ይለዋወጡ። ፎቶ ይነሡ። ፎቶው ካልጠራ ይድገሙት። 7፡05 ይሆናል።

አሁን ልደታቸው የሆነ ይጨብጨብላቸው። ከዚያ የደስታ ብር ይሰብሰብ። ልጁ ቶሮንቶ የተመረቀችለት አባል ተነሥቶ መቶ ብር ያስቀምጣል፤ ስለ ምረቃው የሚናገረው ግን የሺህ ብር ያህል ነው። አያቋርጡት። ደስታ ነው። ስልኩ የጮኸበት ይቀጣ፣ ይሳቅ። 7፡12 ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። በሮታሪ ደንብ አንድ አባል ተገኝቷል የሚባለው ከስብሰባው ሰዓት ቢያንስ 60 በመቶውን ከተቀመጠ ነው። ስብሰባው አንድ ሰዓት ከሆነ 60 በመቶው 36 ደቂቃ ነው። እንግዲህ 6፡30 ላይ ፈርሞ የገባ አባል 7፡06 ላይ ሲወጣ መገኘቱ የተሟላ ነው። ርእሰ መምህርቷ የሚነሡት 7፡20 ነው። በልቷል፣ ዘምሯል፣ ስለ እውነት ምሏል፣ ፎቶ ላይ አለ። የቀረው ነገር የለም። ይህን ስሌት ለአዲስ አባላት በግልጽ አይንገሯቸው፤ በሁለት ወር ውስጥ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ጨርሶ መምጣት ያልቻለውም ቢሆን መላ አለው። ለረጅም ዘመን የነበረው ደንብ ከራሱ ክበብ የቀረ አባል ከ14 ቀን በፊት ወይም በኋላ በሌላ ክበብ ስብሰባ ተገኝቶ ማካካስ ይችላል የሚል ነው። በዚህ መንገድ አንድ ሰው የራሱን ሰፈር ችግር ከመስማት ድኖ የሌላውን ሰፈር ሾርባ ይቀምሳል። 20 ዓመት አባል የሆነ ሰው ደግሞ ዕድሜውና የአባልነት ዘመኑ ተደምረው 85 ከሞሉ ፈቃድ ጠይቆ ከመገኘት ነጻ መሆን ይችላል፤ በመጨረሻው የልምድ ደረጃ ላይ የሚደረስበት መብት አለመምጣት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ክበቦች ሳምንታዊውን ስብሰባ በወር እስከ ሁለት ጊዜ ድረስ መቀነስ ተፈቅዶላቸዋል። ይህን ሐሳብ ካቀረቡ በጥንቃቄ ያቅርቡ። ለመወሰን አራት ተጨማሪ ስብሰባ ይፈልጋል።

(አንዳንድ አባል ስለ እድር ሊያነሣ ይችላል። እድርም ስም ይጠራል፣ የቀረም ይቀጣል፣ ነገር ግን እንግዳ ተናጋሪ የለውም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀርባል፤ እድሩ ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት እስካሁን ስላይድ አላስፈለገም። ንጽጽሩ ለክበቡ መንፈስ ጥሩ አይደለም። በትሕትና ወደ ሌላ አጀንዳ ይለፉ።)

ወደ እንግዳችን እንመለስ። የሚያስተዋውቃቸው አባል ይመድቡ። የሕይወት ታሪካቸውን አስቀድሞ እንዳያነብበው። ብዙ ማስተዋወቅ የማያስፈልጋቸው ናቸው ብሎ ይጀምርና የትውልድ ቀበሌያቸውን፣ የተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች፣ የወሰዷቸውን ሥልጠናዎች ሁሉ ከነዓመታቸው ያንብብ። ስማቸውን ሲጠራ ቢሳሳት ፈገግ ይበሉ፤ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ።

ፕሮጀክተሩን ቀድመው አይፈትሹት። የሆቴሉ ልጅ ገመድ ፍለጋ ሲሄድ አራት ደቂቃ ይሄዳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ስለዚህም በጣም ይጠቅማል።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ይሁን። በአዳራሹ ውስጥ አማርኛ የማይሰማ ሰው ቢበዛ አንድ ነው፤ እሱም ዛሬ ናይሮቢ ነው። ቢሆንም ጨዋነት ጨዋነት ነው። ርእሰ መምህርቷ ስለ ልጆቹ በአማርኛ ቢያወሩ ሰው ልጆቹን በዓይኑ ያያቸዋል። በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ሪፖርት ይሆንለታል፤ ሪፖርት ሲሰሙ መብላት ይቻላል። ቡናውም በዚሁ ሰዓት ይቅረብ። የስኒውና የማንኪያው ድምፅ ለዝግጅቱ ሞቅታ ይሰጠዋል።

7፡27 ላይ «ከጊዜ አንጻር» የምትል ብጣሽ ወረቀት ያቀብሏቸው። ስለ ገንዘቡ የሚያወሩት በመጨረሻው ስላይድ ስለሆነ አይደርሱበትም። እርስዎ አልከለከሏቸውም። ሰዓቱ ነው።

ለጥያቄ ዕድል ይስጡ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት እንዳላቸው ገልጸው ይነሣሉ። በእሳቸው ዘመን ስለ ተቆፈረ ጉድጓድ ያወራሉ። ጉድጓዱ ዛሬ ውሃ ይሰጥ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ እርስዎም አይጠይቁ። አሁን ያቺን የቺካጎ መጸዳጃ ቤት ያውጧት። ሮታሪ ሲጀመር የመጀመሪያው የሕዝብ አገልግሎት ሥራው መጸዳጃ ቤት እንደ ነበረ ለርእሰ መምህርቷ በኩራት ይንገሯቸው። ጉዳያቸው ከክበቡ ጥንተ ታሪክ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ይጨበጨባል።

ምስጋና የሚያቀርበው አባል ጽሑፉን ከቤቱ አዘጋጅቶ ይምጣ። «እጅግ አስተማሪ» የሚለው ለማንኛውም ንግግር ይሆናል። ሰርተፊኬቱ በመስታወት ፍሬም ይሁን። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ አለው፤ የጎደለው ሌላ ነው።

ርእሰ መምህርቷ በር ላይ እጅዎን ይዘው «ታዲያ ምን ልጠብቅ?» ብለው ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ቃል አይግቡ። እምቢም አይበሉ። ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ እንደሚመራ ይንገሯቸው። ንዑስ ኮሚቴው ገና ካልተቋቋመ እንደሚቋቋም ይንገሯቸው። ከዚያ በክብር እስከ ሊፍቱ ይሸኟቸው። የታክሲ አይስጧቸው፤ ክብራቸውን ሊነካ ይችላል።

ማታ ሪፖርትዎን ይጻፉ። 40 አባል አንድ አንድ ሰዓት ተገኝቷል፤ ስለዚህ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተሰጥቷል። ርእሰ መምህርቷ የቆዩበትን ሰዓት አይጨምሩ። እሳቸው እንግዳ ናቸው።

ስለ ምሳው አንድ ምክር ብቻ። የምሳውን ሒሳብ በየሳምንቱ ይክፈሉ እንጂ የዓመቱን አይደምሩት። ቢደምሩት የሆነ ቁጥር ይወጣል፤ የሆነ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ለአራት ክፍል መጸዳጃ ቤት ያካፍለዋል። መደመር የሚወድ አባል ካለ ልደት የሚያስታውሰው ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡት።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። ሮታሪ አንድ ጊዜ ከዚህ አሠራር ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የልጅነት ልምሻን ከዓለም አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ፤ በ1988 ከዓለም ጤና ድርጅትና ከሌሎች ጋር ተባበረ። ያን ጊዜ በሽታው በ125 አገሮች በየዓመቱ 350,000 ገደማ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከ99 በመቶ በላይ ወርዷል። በእኛም አገር አባላት ጠብታውን ከሚሰጡት ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት ዞረዋል። እንዲህ ያለው ሥራ የተገኝነት መዝገብን ክፉኛ ይጎዳል፤ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው 60 በመቶውን ሰዓት ወንበሩ ላይ ሊገኝ አይችልም። ከዚህም የከፋው፣ አንድ አባል ድንገት ተነሥቶ ያን ያህል ከቻልን አራት መጸዳጃ ቤት ምን ያቅተናል ሊል ይችላል። አይቆጡት። ስለ ልምሻ የ20 ደቂቃ ንግግር እንዲያዘጋጅ ይጠይቁት። የሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ተገኘልዎት።

ዓመቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ያልፋል። ሥራውን ለተተኪዎ ሲያስረክቡ የእንግዶችን ስልክ ዝርዝር አብረው ይስጡ፤ የርእሰ መምህርቷን ስልክ ከላይ ይጻፉት። የተፈተኑ ተናጋሪ ናቸው፣ ሲጠሯቸው ይመጣሉ፣ ሰዓት ያከብራሉ። ስላይዳቸውም ዝግጁ ነው፤ ከዓመት ዓመት የሚለውጡት ትምህርት ያቋረጡትን ልጆች ቁጥር ብቻ ነው። የሚመጡበት ቀን ረቡዕ ከሆነ የጾም ምግብ እንዲዘጋጅላቸው ለሆቴሉ ቀደም ብለው ይንገሩ። እንግዳ እንዳይከፋው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።