የቀደመ ይክፈል

አገር ቤት ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ጥያቄ አያጣም። ስንት ክፍል ነው? ቆርቆሮው 28 ጌጅ ነው 32? በሩ ላሜራ ነው እንጨት? ለመስቀል ይደርሳል? መብራቱ፣ ውሃውና ኢንተርኔቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን የለም። ሠርቶ ያየ ሰው ስለሚያውቀው ዝም ይላል፤ ያልሠራው ደግሞ "እሱማ መንግሥት ያስገባል" ብሎ ወደ ቀለሙ ምርጫ ያልፋል።

ጉራጌ አገር፣ ከጉብሬ አለፍ ብሎ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ገባ ባለ መንደር፣ በአባቴ ቦታ ላይ ቤት አሠርቻለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር መንግሥት የሚያስገባው የመጨረሻዋን ሽቦ መሆኑን ነው። እስከዚያች ሽቦ ድረስ ያለው ሁሉ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ባለቤት የሚባለው ደግሞ ከመንደሩ ቀድሞ የቸኮለው ነው።

ነገሩ በወረቀት ይጀምራል። የመብራት ሰዎች የይዞታ ማስረጃ አምጣ ይላሉ። ልክ ናቸው፣ በሰው ግቢ ቆጣሪ አይተከልም። የገጠር ቦታ ግን የከተማው ዓይነት ካርታ የለውም፤ ያለው የይዞታ ደብተር ነው፤ ደብተሩ የተጻፈው በአባት ስም ነው፤ አባት አርፈዋል። ስለዚህ አምፖል ለማብራት መንገዱ በፍርድ ቤት በኩል ነው፤ ወራሽነት ማስመስከር። ወንድምና እኅት አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ጅዳ ተበትነዋልና ውክልና ይላኩ ይባላል። ያ ሲደርስ ደግሞ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይጎድላል። በነሐሴ 2015 የደቡብ ክልል ተከፍሎ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የየቢሮው ማኅተም አብሮ ተለወጠ፤ ታዲያ በአሮጌው ማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ የቀረበ ባለጉዳይ "ይሄ እኮ የድሮው ነው፣ በአዲሱ አጽፈህ ና" ይባላል። የጻፈው ሰው ተዛውሯል። ተተኪው ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው ምናልባት ስለ መልካም አስተዳደር ይሆናል።

ወረቀቱ አለቀ እንበል። ባለሙያ መጥቶ ይለካል፤ መኪና ካለ። መኪና ካለ ነዳጅ የለም፤ ነዳጅ ካለ ሾፌሩ ፈቃድ ላይ ነው። መጨረሻው ባለጉዳዩ ባጃጅ ተኮናትሮ ለኪውን ይዞ መሄድ ነው። ተለክቶ የዋጋ ግምት ይሠራል፤ ምሰሶ ይህን ያህል፣ ገመድ ይህን ያህል ሜትር። ምሰሶ በየ50 ሜትሩ ገደማ ይተከላል። ትራንስፎርመሩ ያለው ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው አጠገብ ነው። የጉራጌ መንደር ደግሞ በጀፎሮው፣ መሀሉን አቋርጦ በሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚዘልቅ እንጂ ትራንስፎርመር ከብቦ የሚሰበሰብ አይደለም። ጀፎሮ ያምራል፤ ሰፊ ነው፣ ሣሩ ለምለም ነው፣ መስቀል ሲደርስ ፎቶ ያልተነሣበት የለም። ገመድ በሜትር ለሚገዛ ሰው ግን ርዝመቱ ብቻ ነው የሚታየው።

ከዚያ ዕቃ የለም ይባላል። መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ግዥ ላይ ነው፣ ሲመጣ ይደወልልሃል። የሚደውል የለም። ኋላ ላይ ድምፅ ዝቅ ይልና "ራስህ ካቀረብክ እኮ ቶሎ ያልቃል" ይባላል። እውነትም ቶሎ ያልቃል፤ ገንዘቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላነሣሁ አይወጣልኝም። የኛ አገር ባሕር ዛፍ ሻጭ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ፎቅ በኛ አጣና ተደግፎ ቆመ። ለመብራት ምሰሶነት ግን ከጓሯችን የሚቆረጠው አይሆንም፤ በኬሚካል የታከመ እንጨት ወይም ኮንክሪት መሆን አለበት፤ ያልታከመውን ምስጥ ከሥሩ ይጨርሰዋል። ምክንያቱን አልክድም፤ የምስጡን ነገር አጥሬ ይመሰክራል። ቢሆንም እንጨት በገፍ ከሚሸጥበት መንደር ተነሥቶ እንጨት ፍለጋ ከተማ መውረድ፣ ያውም በማይቀመስ ዋጋ፣ ያንገበግባል።

ምሰሶው ከተተከለ በኋላስ የማን ነው? የመሥሪያ ቤቱ። የገዛኸው አንተ፣ ያስጫንከው አንተ፣ ጉድጓዱን ያስቆፈርከው አንተ፤ ንብረቱ የእነሱ። ለዚህም ምክንያት አይጠፋም፤ መስመር የግል ቢሆን ኖሮ ነገ ተጣልቶ "በእኔ ምሰሶ አታልፍም" የሚል ይነሣ ነበር። እኔን የሚያብሰለስለኝ የሚከተለው ነው። ቤቴ ከበራ ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ ከአንዱ ምሰሶ ላይ አጭር ገመድ ስቦ ገባ፤ የከፈለውም የዚያችን ገመድና የቆጣሪውን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ጎረቤት መብራት በማግኘቱ ደስ ብሎኛል፤ ቡና ላይ እንዲህ ብያለሁ፣ አሁንም አልለወጥኩም። የመንደሩን መስመር ግን በኪሴ ዘርግቼ ስጨርስ በመዝገቡ ላይ የተጻፍኩት አንድ ተራ የቤት ደንበኛ ተብዬ ነው። ኋላ የገቡት ለቀደመው ድርሻቸውን የሚመልሱበት አሠራር፣ እኔ በዞርኩበት ሁሉ፣ አለ ያለኝ የለም።

ስለሌለም ሰው ይጠባበቃል። ቤታቸውን ሴራሚክ ሳይቀር አንጥፈው ጨርሰው በሻማና በእጅ ባትሪ የሚያመሹ አውቃለሁ። ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ ከዚያ ማዶ ያለው እስኪቀድማቸው ነው። ከዚያ ማዶ ያለውም እነሱን ይጠብቃል። በዕድር እናዋጣ ተብሎ ጉዳዩ ተነሥቶ ነበር። ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያሉት "እኛ በምን ዕዳችን?" አሉ። ዳር ያሉት "እኩል ይሁን" አሉ። አዲስ አበባ ያሉት በስልክ "እናንተ የወሰናችሁት ይሁን" ብለው ሲያበቁ የተወሰነውን አልላኩም። ቀብር ቢሆን እኮ በአንድ ጀንበር ይዋጣ ነበር።

ይህ ሲሆን ከጊቤ ግድቦች ወደ መሀል አገር የሚሄደው ከፍተኛ መስመር በአገራችን ሰማይ ያልፋል። ጊቤ ሁለት 420 ሜጋዋት፣ ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት። ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ለኛ ይመስለኛል። አንድ የመንደራችን አዛውንት "ልጄ፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ቢቀንሱልን ምን ይጎድልባቸዋል?" ብለው ጠየቁኝ። የሰማሁትን ያህል ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ያ መስመር 400 ሺህ ቮልት ነው፣ በማከፋፈያ ጣቢያ እየወረደ ወደ 33 ወይም 15 ሺህ ይመጣል፣ ከዚያ የመንደር ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ያወርደዋል፣ አንዱን ጣቢያ ማቆም ብቻውን ከባድ ወጪ ነው። አዳምጠው ሲያበቁ "እና የሚያወርድ ሰው ጠፋ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኅዳር 2010 አገር አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ይፋ ሆኖ፣ በ2011 ተከልሶ፣ በፈረንጆች 2025 ሁሉም ቤት መብራት ያገኛል ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ 65 ከመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው በሶላርና በመሳሰለው። ዓመቱ መጥቶ ሄደ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ደግሞ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። ደስታው የሁላችንም ነው፣ ቦንዱን የገዛነውም እኛው ነን። ግን ማመንጨት ሌላ፣ ማድረስ ሌላ። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት በሌለው ቤት በሚያመሽበት አገር ጉልበቱ የሚያልቀው ሁልጊዜ እዚያች የመጨረሻ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስንጠይቅ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይሉናል። እንቁላሉማ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ተሸጦ አልቋል።

መብራቱ ከገባም በኋላ ነገሩ አያበቃም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በረጅም ቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ ባለ መንደር አንድ ምጣድ ሲጣድ የሌላው ቤት አምፖል ይቀላል፣ ፍሪጁ ያቃስታል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ይበራል። ስለዚህ ሴቶቹ ተራ ይዘው ይጋግራሉ፤ ዛሬ እንትና፣ ነገ እንትና። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። ለሚቀላውም አምፖል ያው ሂሳብ ነው።

ውሃ ቤቱ ሳይቆም ይፈለጋል። መጀመሪያ የሚጠማው ሰው ሳይሆን ሲሚንቶው ነው። ኮንክሪት ቢያንስ ለሰባት ቀን ካልረሰረሰ ይሰነጠቃል፤ ግንበኛው "ጠጣ?" እያለ የሚጠይቀው ስለ ኮለኑ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 50 ጀሪካን ነው፤ ያ ሁሉ የሚመጣው በአህያ ጀርባ ከቦኖ ነው። ቦኖው ደግሞ የሴቶቹ ሰልፍ ነው። ለልጆቻቸው ሊቀዱ የቆሙ እናቶች ፊት የእኔ አህዮች ለኮለን ሲቀዱ ቀና ብሎ ማየት ይከብዳል። ማንም ምንም አይልም፤ ዝምታቸው ይበቃል። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነውና መብራት በጠፋ ቁጥር ቦኖው ይደርቃል፤ ሰልፉ ግን አይበተንም። የወልቂጤ ከተማ የውሃ ችግር እንኳ አገር የሰማው ነው፤ ከከተማው ወዲህ ያለን እኛ የማን ቅሬታ ሆነን እንሰማለን?

ቧንቧ ወደ ግቢ ለማስገባትም ቆፍር፣ ቱቦ ግዛ፣ አስገባ፤ ከዚያ ጎረቤት ከቱቦህ ይቀጥላል። ይህን አንዴ ብያለሁ፣ አልደግመውም። አዲሱ ነገር ቆጣሪው ነው። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሊመጣ ሲል ቱቦው ውስጥ የታፈነው አየር ቀድሞ ይወጣል፤ ቆጣሪውም በአየሩ ይሽከረከራል። ፉጨቱን እየሰማሁ እከፍላለሁ።

የሚገርመኝ ክረምቱ ነው። መቶ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ መቶ ሊትር ውሃ ነው። የኛ ሰማይ በሐምሌ ስስት አያውቅም። አሸንዳ ሰቅዬ፣ ሮቶ አስቀምጬ ማጠራቀም ስጀምር "የከተማ ሰው የጣሪያ ውሃ ሊጠጣ" ተብሎ ተሣቀ። ይሣቅ። ከተዘረጋልኝ ነገር ሁሉ ፊርማ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሮቶው ራሱ የስንት ጥማድ በሬ ዋጋ እንደሆነ ግን አልናገርም።

ኢንተርኔትን በአጭሩ ልለፈው፣ እሱም በአጭሩ ነው የሚመጣው። ፋይበሩ በአስፋልቱ ዳር ተቀብሯል። ለቤት ይግባልኝ ብሎ የጠየቀ "በአካባቢው መሠረተ ልማት የለም" ይባላል። መሠረተ ልማቱ የተቀበረበት የምልክት ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው ይህን የሰማሁት። የቀረው የስልክ ዳታ ነው። ማማው ከኮረብታው ማዶ ስለሆነ ኔትወርክ ሳሎን ውስጥ አይገባም፤ ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ መሀል አንዲት ቦታ አለች፣ ስብሰባም ሂሳብ መክፈልም እዚያ ነው። ከ2013 ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ሂሳቡ በስልክ ሆነ፣ በ2015 ሁለተኛ ኦፕሬተር ገባ፤ በወሬ ደረጃ አልፎልናል። መብራት ሲጠፋ ግን የማማው ባትሪ ትንሽ ይቆይና ኔትወርኩ ይከተለዋል። መብራት ጠፋ ብሎ ለማመልከት ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ ኔትወርኩ እንዲመለስ መብራት። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ሁሉ ክትፎውን ፎቶ አንሥቶ ባንድ ጊዜ ሊልክ ሲነሣ ማማው ይታነቃል። ልጆቼ "ዋይፋይ የለም?" ብለው በማግስቱ ይመለሱ ጀመር። ቤቱን የሠራሁት ለእነሱ ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ሹመት አግኝቻለሁ። በቅርቡ ነፋስ ነፍሶ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ወደቀ። መንደሩ ጨለመ። አዲስ አበባ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ይጮኻል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው። ኔትወርኩ ሳይጠፋ ቀድመው ነው የደወሉት፣ ብልጦች ናቸው። "ወንድሜ፣ መብራቱ ጠፋብን እኮ።" ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደውሉ እንጂ፣ እኔ ምን ላድርግ? አልኩ። "ኧረ ደውለን ነበር፤ ያስገባው ሰው ራሱ ያመልክት አሉን።"