ለአንድ ሌሊት ስለተከለከለች ቡችላ

ለተከበሩ የከተማችን የእንስሳት መጠለያ የውሰት ክፍል ኃላፊ፣

ቡችላ ለአንድ ሌሊት ለመዋስ ላቀረብኩት ማመልከቻ የላኩልኝ መልስ ደርሶኛል፤ እጅ ነስቼ ተቀብያለሁ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቆ የተጻፈ እምቢታ ብዙ አይገኝምና ለአንባቢ ባካፍለው ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ። አንደኛው አንቀጽ ስለ ደግነቴ ያመሰግናል። ሁለተኛው ቤቴ የኪራይ አፓርታማ መሆኑንና ጓሮ እንደሌለው ለእኔው ያስረዳኛል። ዕንቁው ሦስተኛው ነው፦ አዲስ አበባ ከውሻ ጋር ማደጌን በቅጹ ላይ መሙላቴን ጠቅሶ፣ «የግቢ ውሻ እንደ ልምድ አይቆጠርም» ይላል። ይህ እንዳያንሰኝ ለልጆች የተዘጋጀ ባለ ሥዕል ወረቀት ተያይዟል፤ የውሻ ጆሮና ጅራት የት የት እንደሚገኙ በቀስት ያመለክታል። ጅራቱን ከኋላ በኩል አገኘሁት። ስልክ ስለማይነሳበት ቢሮና «መጠለያው ሞልቷል፣ ድረሱልን» ስለሚለው የዘወትር ጥሪ ግን ምንም አልልም።

የምከራከረው በመስፈርቱ ላይ ነው። ለአንድ ሌሊት ውሻ የሚዋስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለዘለቄታው ማሳደግ የማይመቸው ነው፤ ጓሮና የራሱ ቤት ቢኖረው ኖሮ መዋስ ምን አስፈለገው? በ51 የአሜሪካ መጠለያዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ለአጭር ሽርሽር የወጡ ውሾች ባለቤት የማግኘት ዕድላቸው ካልወጡት 5 እጥፍ፣ ሰው ቤት ያደሩት ደግሞ 14 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ተዋሹ ባይወስዳት እንኳ ጎረቤት ያያታል፤ ፎቶዋ ከስልክ ስልክ ይዞራል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናትም ሰው ቤት ሲያድሩ የጭንቀት ሆርሞናቸው እንደሚቀንስ፣ ሲመለሱም ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ለክቷል። እንግዲህ የሚያስጨንቃቸው የእናንተው ቤት እንጂ የእኔ ፎቅ አይደለም።

«ቡችላ እኮ አሻንጉሊት አይደለችም» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተነሣ ፍሌክስፔትዝ የተባለ ድርጅት ውሻ ማከራየት ሲጀምር፣ ቦስተን በ2008 የቤት እንስሳ ኪራይን ከለከለች፤ እኔም ብሆን እከለክል ነበር። የእናንተ ውሰት ግን ንግድ አይደለም፤ ዓላማው ቤት ማስገኘት ነው። ክትባቷን ቢያነሡብኝም አፌን ይዤ እመለስ ነበር፤ ፓርቮ የተባለው የውሻ በሽታ ክትባት 16 ሳምንት ገደማ እስኪሞላት ይደጋገማልና። ነገር ግን የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ውሻ ረግጦት የማያውቅ አፓርታማ ከጓሮ ይሻላል ማለት ነው! ደግሞስ ደብዳቤው ስለ ቡችላዋ መቼ ተናገረ? ሁሉም ስለ እኔ ነው። ለመሆኑ አንተ ማን ነህና አስተዳደጌን የምትሰርዘው? እኔ ጓሮ ስለሌለኝ እሷ ሲሚንቶ ላይ ትደር?

ክቡር ኃላፊ፣ ከሰላምታ ጋር የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአንድ ሌሊቱ ቅጽ ላይ ስለ ጓሮ የሚጠይቀውን መስመር ይሰርዙና «ሌሊቱን አብሯት የሚያድር ሰው አለ?» የሚለውን ይተኩበት።