ትን፦ የአጭር መልዕክት ደወልን ስለማስተዳደር የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለሦስት ሰው ተሠርቶ አራት በሚቀመጥበት የኋላ ወንበር አካባቢ፣ አንዲት ‹ትን› የምትል ድምፅ ተሰማች። ሰባት ሰዎች ኪሳቸውንና ቦርሳቸውን ዳበሱ። ሾፌሩም ሳይቀር ዳሽቦርዱ ላይ የተሰካውን ስልኩን ሰረቅ አድርጎ አየ። የጮኸው የረዳቱ ስልክ ነበር፤ እሱ ግን ሂሳብ እየሰበሰበ ስለነበር ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ይህ ጥናት የተፀነሰው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው፦ ሰው የስልኩን የመልዕክት ደወል ማስተዳደር ይችላል ወይስ አይችልም? የናሙናው ብዛት አንድ ሰው ሲሆን እሱም አጥኚው ራሱ ነው። ዘግየት ብሎ እናቴ ተጨምራለች። ናሙናው አነሰ የሚል አንባቢ የራሱን ስልክ ያክልበት።

ስለ ማናቸውም ነገር ሲጻፍ ከአክሱም መጀመር ወግ መሆኑን ባውቅም፣ ቦታ ስለጠበበኝ ከነጋሪት እጀምራለሁ። ነጋሪት ሲጎሰም ገበያተኛው ሁሉ ጆሮውን ያቀና፣ አዋጅ ነጋሪውም ‹የሰማህ ላልሰማ አሰማ› ይል ነበር። ድምፁን ቀንሱልኝ፣ ለማታ አቆዩልኝ ብሎ ነገር አልነበረም። ለሰፈር ጉዳይ ደግሞ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ ማን እንዳረፈ ይለፍፋል። ትራሱን ጆሮው ላይ ደርቦ የተኛ ዕድርተኛ ከቀብር ቢቀር ቅጣቱን ይከፍላል። ይህች ነጥብ ኋላ ስለምታስፈልገን አንባቢ ይያዛት።

የመጀመሪያው አጭር መልዕክት የተላከው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 እንግሊዝ አገር ነው። ኒል ፓፕወርዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ከኮምፒውተር ‹መልካም ገና› የሚል ቃል ለቮዳፎኑ ሪቻርድ ጃርቪስ ስልክ ላከ። የፈረንጅ ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። በዓሉ ሳይደርስ ‹እንኳን አደረሰዎ› እያሉ ሰው መቀስቀስ እንግዲህ ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው። የጃርቪስ ስልክ ደግሞ መቀበል እንጂ መላክ አይችልም ነበርና መልስ አልሰጠም። አይቶ ዝም ማለት የተጀመረው ከመጀመሪያው መልዕክት ነው፤ ወዳጆቼን በዚህ የወቀስኩበትን ጊዜ ሁሉ እዚህ ላይ አነሳለሁ።

የመልዕክቱን ልክ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ አጋማሽ የወሰነው ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ታይፕራይተሩ ላይ ያሰበውን ዓረፍተ ነገር እየጻፈ ቢቆጥር፣ ለማንኛውም ጉዳይ 160 ምልክት ይበቃል አለ። ይህ ግን ለላቲን ፊደል ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሰፊ መቀመጫ ስለሚይዝ የሚገባው 70 ብቻ ነው። (ከላይ የጠቀስኩት የኋላ ወንበር ይታወስ።) ለሙከራ ያህል ለአክስቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ‹እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ ወይ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እናትሽን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።› ክፍት ቦታውን ጨምሮ ስቆጥረው 70ው የሞላው ‹ደህና› ካለ በኋላ ነው። ‹ነን› ትርፍ ሆና ሁለተኛ መልዕክት አስቆጠረች። ጉዳዬ ገና አልተነሳም ነበር። ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እያንጋደደ መጻፍ የለመደው ባህሉን ንቆ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ቢያዩት መልካም ነው።

በአገራችን ደወሉን ለማስተዳደር ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የተሳካው አንድ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የአጭር መልዕክት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ቆመ፤ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ ለሚሊኒየሙ ነው። ሁለት ዓመት ከምናምን አንዲት ‹ትን› አልተሰማችም። ማንም ሰው ሴቲንግ ውስጥ መግባት አላስፈለገውም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ ከደወሎች ሁሉ ክቡሩ የገንዘብ ደወል ነው። በሰፈራችን ሱቅ ስድስት እንቁላል ገዛሁና በስልክ ከፈልኩ። ‹ልኬያለሁ› ብዬ ስልኬ ላይ የወጣውን አረንጓዴ ምልክት አሳየሁት። ባለሱቁ በትህትና አየና ‹አልገባም› አለኝ። ምልክቱ የእኔ ምስክር ነው፤ የእሱ ምስክር የራሱ ስልክ ነው። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አጋድሞ እንደ ጀበና እንዳይገነፍል ጠበቅነው። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ልጅም አብሮን መጠበቅ ጀመረ። ‹ኔትወርክ ነው› አለ ባለሱቁ። ‹ኔትወርክ ነው› አልኩ እኔም፣ ሌባ እንዳልመስል። ከብዙ ዝምታ በኋላ ‹ትን› አለች። ባለሱቁ ሳያነባት ‹ገባ!› ብሎ እንቁላሉን አቀበለኝ። በማግስቱ እንደነገረኝ ያቺ የገባችው የሎተሪ ማስታወቂያ ነበረች። የእኔ ክፍያ የደረሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሆን ሚስቱን ቀስቅሷል። እንቁላሉን ያስለቀቀው እንግዲህ ጽሑፉ ሳይሆን ድምፁ ነው።

ሌሎቹን ዘርፎች ባጭሩ ላሳልፋቸው። ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው የሚለው አለ፣ ሽልማት ደርሶዎታል የሚለው አለ፣ ‹ለማንም አይንገሩ› ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር የሚመጣው ባለስድስት አኃዝ ኮድ አለ። የመጨረሻውን አንዲት እናት ታክሲ ውስጥ ለልጃቸው በስልክ ሲያነቡለት ‹ሰባት፣ ኧረ ስማኝ፣ ሰባት!› ይሉ ስለነበር ሁላችንም ይዘነዋል። አንድ የሰዋስው ማስታወሻ ብቻ ልጨምር፦ በዕድሜዬ አንቱ ብለው የሚያናግሩኝ እነዚህ ላኪዎች ብቻ ናቸው።

ሙከራው እነሆ። ስልኬ አንድሮይድ ነው። የአንድሮይድ ሠሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የማሳወቂያዎችን በር በየዓይነቱ ከፋፈሉት፤ በ2022 ደግሞ አዲስ የሚጫን አፕ ሁሉ ከመጮኹ በፊት ‹ቤቶች!› ብሎ ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረጉ። ማሳወቂያውን ጫን አድርጎ ይዞ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል። ከዚያ ከበድ ሲል ‹አትረብሽ› የሚባል አለ። (አይፎን የያዘ ወንድሜ የባሰ ነገር ነገረኝ፤ የእሱ ስልክ ማንም ሳያዘው፣ መልዕክቱ ካልተከፈተለት ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይጮኻል። የጎረቤታችንን የእትዬን የአጥር ላይ ጥሪ የሚያውቅ ሰው አይደንቀውም።)

ሰኞ ማታ ‹አትረብሽ›ን አበራሁ። ከዚህ ሕግ ነፃ የሚሆነውን ሰው እንድመርጥ ስልኩ ጠየቀኝ። እናቴን መረጥኩ። ከደቂቃ በኋላ ወንድሜን ጨመርኩ፤ ቢሰማ ይቀየማል። ማክሰኞ አከራዬን ጨመርኳቸው፤ ውሃ ሲመጣ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። ረቡዕ የዕድራችን ጸሐፊ ትዝ አሉኝ። ዕድራችን ከጥሩምባ ወደ መልዕክት ከተዛወረ ቆይቷል፤ ቅጣቱ ግን አልተዛወረም። ባንኩንም አስገባሁት፣ ደሞዝ ሊደርስ ነበርና። ሐሙስ የቢሮ አለቃዬን፣ ዓርብ ‹ለምን ዝም አልከኝ› ብሎ የተኮሳተረ ጓደኛዬን። ቅዳሜ ዝርዝሩን ባየው፣ ከነፃነት የቀሩት ሽልማት ደርሶዎታል የሚለው ላኪና አንድ የድሮ ተበዳሪዬ ብቻ ነበሩ። ተበዳሪውንም ጨመርኩት፤ ምናልባት ልከፍልህ ነው ቢለኝስ?

እሑድ ጥናቱን ወደ እናቴ ቤት አዛወርኩ። የእሷ አሠራር በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም። ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ሲጮኽ ከጓዳ ሆና ‹ማነው?› ትላለች። ከፈትኩት። ያልተነበበው መልዕክት ከሺህ በላይ ነው። ጧት ጧት የጤና ምክር የሚልክ አንድ አጭር ቁጥር አለ፤ ማን እንዳስመዘገባት አይታወቅም፣ ሂሳብም ይቆርጣል። በዕለቱ የላከው ውሃ በብዛት ይጠጡ የሚል ነበር። አነበብኩላት።

‹አሜን፣ እሱንም ያቆይልኝ› አለች።

ለማቋረጥ ‹ስቶፕ› ብሎ መላክ እንደሚበቃ፣ እኔም አሁኑኑ ልልክላት እንደምችል አስረዳኋት። ‹ስቶፕ› ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

‹ስለ ጤናዬ የሚያስብን ሰው አቁም ልበለው? ምን ነካህ ልጄ፤ ነውር አይደለም እንዴ? ይልቅ አሜን ብለህ መልስለት፤ ስንት ቀን ዝም ብየዋለሁ።›

ሰው አይደለም ብል የሚገባት አልመሰለኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ለአከራዬ ያልደፈርኩትን ነገር እሷን ልመክራት አልቻልኩም። ‹አሜን› ብዬ ላክሁ። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ‹ትን› አለ፦ ያስገቡት ቃል የተሳሳተ ነው፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።

‹አየህ? መለሰልኝ› አለች ፊቷ በርቶ። ‹ምን አለ?›

‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሏል› አልኳት። የጥናቱ መረጃ የተበረዘው እዚህ ላይ ነው።