ከሰማይ የወረደ መምህር

በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን በሳተላይት ከሰማይ የሚወርድ፣ በእንግሊዝኛ የሚናገር፣ ደመወዝና ጠኔ የማያውቅ «ፕላዝማ» የተባለ የቴሌቪዥን መምህር ተሾመላቸው፤ ትሕትናውም እጅግ የበዛ ነበርና፣ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ከታገሠ በኋላ መልሱን ራሱ ተናግሮ፣ ዝም ያሉትን «ጎበዞች!» እያለ ያመሰግን ነበር። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ በሰማይ ይቀጥል ነበር፤ በምድር የቀረው ሥጋ ለባሽ መምህር ግን፣ ያልሰማውን ሊተረጉም ጠመኔውን ያነሣ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ደግሞ ዕውቀት ወደ ቴሌግራም ፈለሰ፤ በሶሮ ወረዳ፣ ከጊምቢቹ ወጣ ብሎ የሚኖር የገበሬ ልጅ ኔትወርክ ፍለጋ እንደ ሙሴ ተራራ ቢወጣ፣ ሙሴ ዐሥሩን ቃላት ይዞ ሲወርድ፣ እርሱ አንድ ገጽ እንኳ ሳይወርድለት ባትሪው ያልቅበት ነበር።

የሚቀጥለው መምህር ከወደደው ሰማይ ይምጣ፤ ብቻ መብራቱን ይዞ ይምጣ።