ሎሚ፣ ፌስታልና ድንጋይ

ከረጅም የመኪና መንገድ የተመለሰ ሰው ሁለት ነገር ሳያወራ አያድርም። አንደኛው የሹፌሩ እብደት ነው፣ ሁለተኛው የተሳፋሪው ደግነት። ሹፌሩን ረግሞ ሲጨርስ ድምፁን ለስለስ ያደርግና «የኛ ሰው እኮ!» ይላል፤ ዳቦ ቆርሶ ያካፈለውን፣ እንቅልፍ ሲጥለው ትከሻውን ያዋሰውን፣ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ «በኔ ደውል» ያለውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ምስክርነቱ እውነት ነው፤ አገር አቋርጦ በሚኒባስ የሄደ ሁሉ ይፈርምበታል። የኔ ጠብ ከፍርዱ ጋር ነው። «ስለዚህ እኛ ደጎች ነን» የሚለው ፍርድ ትንሽ የቸኮለ ይመስለኛል። ነገሩ ሲመረመር ደጉ ሚኒባሱ ነው፤ እኛ ተሳፋሪዎቹ ነን።

ማስረጃውን ከደሴ መንገድ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃንን ያለፈ ሚኒባስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ገብቶ ይወጣና ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይታጠፋል፤ ከዚያም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ መውረድ ነው። ጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የነበረ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ጠመዝማዛው ሦስት አራቴ ሲያላጋ የአንዱ ፊት ይገረጣል። መስኮት ይከፈትለት እንዳይባል ተሳፋሪያችን ገደል አይፈራም እንጂ ንፋስ ይፈራል፤ ጣት የምታህል ክፍተት ከታየች ከሦስት አቅጣጫ «ዝጋው!» ይባላል። ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ከቦርሳቸው ሎሚ ያወጣሉ። ልጣጩን በጥፍራቸው ጫር ጫር ያደርጉና «አሽትተው የኔ ልጅ» ብለው ይልካሉ፤ ሎሚው ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል። ከሎሚው መቅደም የነበረበት ፌስታልም ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላል። አንዱ ጀርባውን ያሻል፣ አንዱ ውኃ ያቀብላል፣ አንዷ ሶፍት ታወጣለች። ማንም የማንንም ስም አያውቅም። ከተማ ውስጥ ሰው አጠገባችን ቢያስታውክ መጀመሪያ የምናየው ጫማችንን ነው።

«ይህማ ባህላችን ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እንግዳ መቀበል፣ ያለውን ማካፈል፣ «እንብላ» ሳይሉ አለመጉረስ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነው ይላል። ባህሉን አልክድም። ግን ያንኑ ሰው ከጉዞው መልስ መገናኛ ላይ ታክሲ ሲጠብቅ እንየው። ሎሚ ያቀበለው እጅ የታክሲ በር ላይ ክርን ይሆናል፤ ነፍሰ ጡርንም ሽማግሌንም ቀድሞ ገብቶ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ይጀምራል፤ ማየት የጀመረውም ላለመታየት ነው። ሰውየው ያው ነው፣ ያደገበትም ቤት ያው ነው። ባህል ብቻውን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ መገናኛ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ አይወርድም ነበር።

ለዚህ እንቆቅልሽ የተሻለ መልስ ያገኙት ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት የሚማሩ ተማሪዎችን አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ላኳቸው። ከፊሎቹ የሚናገሩት ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ስለደበደቡት ሰውና ስላነሣው ደግ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ እያሳለ ያቃስታል፤ ያስቀመጡት ተመራማሪዎቹ ናቸው። ጊዜ ከነበራቸው ተማሪዎች መካከል ከመቶ 63ቱ ረዱት፤ መጠነኛ ጥድፊያ ከነበረባቸው 45ቱ፤ «ረፍዶብሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ግን 10ሩ ብቻ። የንግግሩ ርእስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም ስለ ሳምራዊው ሊሰብኩ ሲጣደፉ የወደቀውን ሰው ተራምደው ያለፉ ነበሩ። እንግዲህ ልዩነቱን የፈጠረው ሰዓት ነው። የሚኒባስ ተሳፋሪ ደግሞ በዓለም ላይ ከማይቸኩሉት ሰዎች አንዱ ነው፤ ችኮላውን ከሂሳቡ ጋር ለሹፌሩ አስረክቧል። ቢቸኩል ቀድሞ አይደርስም፣ ባይቸኩል ወደ ኋላ አይቀርም። የሚሠራው ስለሌለ ዐይኑ አጠገቡ ያለው ሰው ላይ ያርፋል። ደግነት ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛው ምክንያት የዕጣ አንድነት ነው። ሚኒባሱ ከተማውን ሊለቅ ሲል አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ቢስሚላሂ ይላል፤ ሁለቱም የሚለምኑት ለአንድ ፍሬን ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ሰዓቶች ተሳፋሪውን ወገን ያደርጉታል፤ ወገንነቱ እንዴት እንደሚያሳብድ ለማየት ትራፊክ ፖሊስ እስኪታይ መጠበቅ ነው። ከወንበሩ በላይ ሰው ተጭኗል፤ መተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርድሯል፤ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ማስከፈሉን ሁሉም ሲያጉረመርምበት ቆይቷል። «ዝቅ በሉ!» ሲል ግን ዱካ ላይ ያሉት በሙሉ፣ ጡረተኛውም ጭምር፣ እንደ ምልምል ወታደር ዝቅ ይላሉ። ፖሊሱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ስንት ከፈላችሁ?» ቢል የተዘረፈው ተሳፋሪ የዘረፈውን ረዳት ለማዳን ሕጋዊውን ታሪፍ ይናገራል። ይህን ጀግንነት ማንም ደግነት ብሎ አይሸልመውም፤ እኔም አልሸልመውም። ግን ሎሚውን የላከው ስሜት ይኸው ራሱ ነው፤ ውስጥ ያለነው «እኛ» ነን፣ ውጭ የቆመው «እሱ» ነው። ምስጢር ግን በሌላ በር ይገባል። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ ባዕድ ሰው ሲጽፍ፣ ለቅርብ ዘመድ የሚደበቅ ነገር ለባዕድ እንደ ኑዛዜ እንደሚነገር ጠቁሟል። ሸዋ ሮቢት ሳይደረስ የትዳሩን ጣጣ ለጎረቤት ወንበር አራግፎ የጨረሰ ሰው ዚመልን ማንበብ አያስፈልገውም።

«እንዲህ ከሆነማ ደግነት ሳይሆን ጥቅም ነው» ይሉኝ ይሆናል፤ ሌላው ካስታወከ እኔ ላይ ነውና ፌስታሉን የማቀብለው ለራሴ ነው። እውነት ነው፣ ግን ሎሚ የሰጪውን ልብ መርምሮ አይሠራም፤ የተቀባዩን ሆድ ካረጋጋ ሥራውን ጨርሷል። ደግሞም በጥቅም የተጀመረው ነገር ጥቅሙ ባለቀበት አይቆምም። ለምሳ የቆመ ሚኒባስ ተሳፋሪዎችን ሂሳብ ሲመጣ እዩአቸው። ከጥቂት ሰዓት በፊት ማንነታቸውን የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንዱ የአንዱን እጅ ጠምዝዘው ይዘው «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» እየተባባሉ ይታገላሉ፤ አስተናጋጁ ብሩን ከማን እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። ከዚህ ትግል አሸናፊው የሚያገኘው ባዶ ኪስ ነው። የደብረ ሲና ቆሎ የገዛውም ከረጢቱን ከፍቶ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ሳያዘግን አይቆረጥምም። ጥቅሙን አስልቶ የሚያካፍል ሰው ቢሆን ኖሮ ቆሎውን ኪሱ ውስጥ እየቆነጠረ ይበላ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የፍርሃቱ ነው። የሚያደነዝዝ ነገር ያለበት ብስኩት ጋብዘው የሚዘርፉ አሉ፤ ባለፉት ዓመታትም መንገደኛ ከመኪና እየወረደ መታገቱን ሰምተናል። ይህ የሚቀለድበት አይደለም፤ የፈራ ሰው ትክክል ነው። ብስኩቱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ሐሰተኛ ብር የሚታተመው እውነተኛው ብር ስለሚገዛ ነው። መንገድ ላይ የሚቀርብ ምግብ በአብዛኛው ንጹሕ ባይሆንና ሰውም በዚያ ባይተማመን ኖሮ ሌባው በብስኩት አይመጣም ነበር። ቤታችን ያለው ልማድም ለዚሁ መድኃኒት ነው፤ መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ጠብታ በመዳፉ አድርጎ ይቀምሳል። ራሱ ሳይቀምስ የሚያስጨንቅ ጋባዥ ከሆነ «ጾም ነኝ» ማለት ነው፤ ጾሙ ባይሆንም እግዜር ይረዳል። እገታውን ግን ተሳፋሪ በዘዴ አይመልሰውም፤ የመንግሥትና የሕግ ሥራ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የደሴው ሰው ከአዲስ አበባው ጋር ጉልበት ለጉልበት የሚቀመጥበት ወንበር አብሮ ይዘጋል፤ ሎሚውም ይቀራል። ጉልበት ለጉልበት ያልተቀመጡ ሰዎች ደግሞ አንዱ ስለሌላው የሚያውቁት የሰሙትን ብቻ ነው።

ያም ሆኖ የሚኒባሱ ደግነት ድንበር አለው። ድንበሩ የሚታየው ጎማ የፈነዳ ዕለት ነው። መኪናው ዳር ሲይዝ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ የሚመጣ እንዳይገጭ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ዘንጥፎ ይጥላል። ወንዱ ሁሉ ክሪኩ ላይ ይረባረባል፤ ቅያሪ ጎማው ሲወርድ ሁሉም መካኒክ ይሆናል። የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ሳይለመን ቆሞ ቁልፍ ያውሳል። ልብ የሚሞላ ትብብር ነው። ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ!» ይላል፣ ሁሉም ይገባል፣ መኪናው ይሄዳል። ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል። ሲመሽ በዚያ የሚያልፈው ሌላ ሚኒባስ፣ ሌላ እናት ሎሚ ይዘው የተሳፈሩበት፣ ኩርባውን ሲዞር የሚያገኘው ያንን ነው። ከወረዱት ተሳፋሪዎች መካከል ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚመጣው ሹፌር ፊት ስላልታያቸው ነው። የሚኒባስ ደግነት እስከ መስታወቱ ድረስ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ላሻሽል። አጠገባችን ለተቀመጠው ሰው ደግ መሆናችን የኛ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ግማሹን የሠሩት የጊዜው ብዛትና የቦታው ጥበት ናቸው፤ ምስጋናውን ከሚኒባሱ ጋር እኩል እንካፈል። ሙሉ በሙሉ የኛ የሚባለው ደግነት ላላየነው ሰው የምናደርገው ነው። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ወደፊት ጎማ ፈንድቶባችሁ ተቀይሮ ረዳቱ «ግቡ!» ሲል፣ ከመግባታችሁ በፊት ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ አንሡ። ሹፌሩ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ችኮላው እንደሆነ የሱ ነው።