ወንፊቱን ጥለህ ዱቄቱን አትስደብ

ኦቦ፣ በኬንያው ሞያሌ በኩል፣ አንድ ግቢ ውስጥ ኮሮላ በክሪክ ብቻ ተነስታለች። ወዳጄ መሮና መዶሻ ይዞ ከሥሯ ተጋድሟል።

«መጀመሪያ ከዚያ ውጣ! ክሪክ ማንሻ እንጂ ምሰሶ አይደለም።»

«የጭስ ማውጫውን ካታሊስት ሰባብሬ ላውጣና እመጣለሁ፤ መኪናዋ ታፍናለች።»

«ሰው ሲያስለው ሳንባውን ነው የሚያወጡለት?»

«ሞተሩ ይተንፍስ ብዬ እኮ ነው።»

«ሞተሩ ይተንፍስ፣ ልጆችህ ይታፈኑ? ቁመታቸው ከጭስ ማውጫው እኩል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ መጣሁ ብሎ አያንኳኳም።»

«ውስጡ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ ነው፤ ሸክላ ምን ያደርጋል?»

«ሸክላ አትበለው! ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። መርዛማውን ጋዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውሃ ተንና ወደ ናይትሮጅን የሚቀይረው እሱ ነው።»

«አባቶቻችን ያለ ካታሊስት ነድተዋል።»

«እርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚንም ነድተዋል። በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ዳካር ላይ ስምምነት ተደርሶ፣ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ እርሳሱን አስወጡ። እርሳስ ካታሊስትን ይገድላል። እርሳሱ የወጣው ታዲያ አንተ ካታሊስቱን እንድታወጣ ነው?»

ዝም አለ። እኔ ግን አልበረደልኝም፤ ልጆቹ አጠገባችን አፈር እየፈጩ ይጫወቱ ነበር።

«ካንዴላዋን መቼ ቀየርክ?»

«ካንዴላና ጭስ ምን አገናኛቸው?»

«ካንዴላ ካልተኮሰ ቤንዚኑ ሳይነድ ያልፋል፤ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይነዳል፤ ሸክላው ይቀልጣል፣ ይደፈናል። በሽታውን ትተህ በሽተኛውን ልትደበድብ ነው? ካንዴላውን ሳታስተካክል አዲስ ካታሊስት ብትገጥም፣ እሱንም ታቃጥለዋለህ።»

«ጋራዥ ሩቅ ነው፤ ራሴ ብገጥመውስ?»

«ግጠም! የከለከልኩህ መስበር እንጂ መሥራት መች ሆነ? ዛሬ ማታ ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዝ፤ መኪናዋን በጠንካራ መደገፊያ አስቀምጥ፤ ከዚያ ብሎኖቹን ዝገት ማስለቀቂያ ቀባቸው። ነገ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሥራህን ጀምር። ጓርኒሲዮኑን አዲስ አድርግ። የኦክስጅን ሴንሰሩን ጫፍ ቅባት እንዳታስነካ፤ ሽቦውን በእጅህ አትጎትት።»

«ይህን ሁሉ ለጭስ?»

«ከዚህ ስትነሳ በግራ ትነዳለህ፤ ድንበሩን ስትሻገር ደግሞ በቀኝ። ለማታውቀው ሰው ደኅንነት መንገድህን ትቀይር የለ? ለልጆችህ ጭስህን ቀይር።»

ከሥሯ ወጥቶ አቧራውን አራገፈ።

«መዶሻውንስ ምን ላድርገው?»

«የልጆችህን አልጋ አጥብቅበት።»